አራስ ጠያቂ

የመጀመሪያ ልጃችን በሰባት ወሩ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ሆስፒታል ተወልዶ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ታኅሣሥ ሲገባ ቀበርነው። መሬቱ በብርድ ጠጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ካለው አፓርታማችን አልወጣም አለች። እኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የማመላለስ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጠንክሬ አይደለም፤ ቤት መዋሉን ፈርቼ ነው። በየሆቴሉ በር የገና ዛፍ ሲያበራ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

የእኛ ገና ሲቃረብ ቤተ ክርስቲያን እንድንሄድ ጠየቅኋት።

"እመቤታችን ልጇን ታቅፋ እያየኋት ምን ብዬ ልጸልይ?" አለችኝ።

ሁለታችንም ቀረን።

የገና ዕለት ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ እናት ናቸው። ሌሊቱን ሲያስቀድሱ አድረው ነጠላቸውን እንኳ አልቀየሩም። እንደ ሌላው ሰው ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከፔርሙዝ ትኩስ አጥሚት ቀድተው ለባለቤቴ ሰጧት።

"ሁሉም ለቅሶ ደረሰሽ እንጂ አራስ የጠየቀሽ የለም። አንቺ እኮ ወልደሻል" አሏት።

ባለቤቴ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። እሳቸው ቀስ ብለው የራሳቸውን አወሩ። ስደተኞች ካምፕ ሴት ልጅ ወልደው በሦስት ሳምንቷ አሸዋ ውስጥ ቀብረዋታል። ለዓመታት ገና ሲመጣ ይታመሙ ነበር። የእመቤታችንን ሥዕል ቀና ብለው አያዩም ነበር።

"በኋላ ሳስበው" አሉ፣ "ማደሪያ አጥታ በረት ወለደች። ወዲያው ሊገድሉባት ሲፈልጉት ይዛው ተሰደደች። በመጨረሻም ዓይኗ እያየ ሞተ። የልጅ ሐዘን የምታውቅ እናት ናት፤ አትሽሺያት። ጌታስ ቢሆን ለደላው ሰው ብቻ ቢወለድ ኖሮ እኔ ዘንድ መቼ ይደርስ ነበር?"

ባለቤቴ ያኔ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸው አላባበሏትም፤ ጀርባዋን ይዘው ተቀመጡ።

ሐዘኑ አልለቀቀንም። እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ከኋላ ቆምን፤ ቅዳሴው ሳያልቅም ወጣን። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተር ሳላስነሳ ስለ ልጃችን ማውራት ጀመረች። ሆስፒታል ሳለ እኔ በክፍሉ መስታወት በኩል ብቻ ነበር ያየሁት፤ ቀርቤ ለመንካት ፈርቼ።

"ጣቶቹ ረዣዥም ነበሩ" አለችኝ። "የአንተ ናቸው።"