ልብስ ያጠብሁበት የወሰን ድንጋይ

ሜዳችን ድንጋይ የለውም። ከወረታ ወደ ጣና በኩል ስትወርዱ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር ይሰብራል። የቤት መሠረቱም፣ የምድጃ ጉልቻውም ከተራራው ግርጌ በአህያ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ድንጋይ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። እኔም አላለፍሁም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከማሳችን ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በደለል ግማሹ ተቀብሮ አየሁ። ፈንቅዬ፣ በጀርባዬ አዝዬ ቤት አመጣሁትና ልብስ ማጠቢያ አደረግሁት። እናቴ "ከየት አመጣሽው?" ስትለኝ "ከወንዝ" አልኋት። ዋሸሁ። አራት ዓመት ሙሉ ዩኒፎርሜን እዚያ ላይ ሳሽ ኖርሁ።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስሁበት ክረምት ወንዛችን ርብ ሞልቶ ወጣ። መሙላቱ አዲስ አይደለም፤ ሜዳው ራሱ ርብና ጉማራ ከላይ እየጠረጉ ያመጡት አፈር ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ እዚህ ሣር ብቻ ነበር፣ የፎገራ ላም የሚጠግብበት። ሩዝ ኋላ የመጣ ነው፤ ከሩዝ ወዲህ ግን የመሬት ነገር ከረረ። ያን ክረምት ጎርፉ በማሳዎቹ መካከል ያለውን የጭቃ ግድብ ሁሉ ደልድሎት ሄደ። ውሃው ሲሸሽ የእኛና የጎረቤታችን ማሳ አንድ ሆነው ተገኙ።

ጎረቤታችን "ወሰኔ እስከዚህ ነው" ብለው ቆሙ። የቆሙበት ቦታ ከእኛ ማሳ ሲሶውን ይወስዳል። ውሃ የሚያቁረው፣ ሩዙ የሚያምርበት ያ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እኔንና ታናናሾቼን ያሳደገችው በእሱ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። "የወሰን ድንጋዩ የታለ?" ተባለ። ሁሉም ደለሉን በእግሩ ይቆሰቁሳል። የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ማለት ደግሞ አልችልበትም።

"ድንጋዩ እኛ ቤት ነው። ልብስ አጥብበታለሁ" አልሁ።

ጎረቤታችን ሳቃቸው ገነፈለ። "ስሙልኝ አባቶቼ! ልብሷን ልታጥብ ወሰን አጠበች! አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ይኸን ነው?"

"አንቱስ ድንጋይ መጥፋቱን ሳያዩ አራት ዓመት ያረሱ የት ሁነው ነው?"

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "ዝም በይ፣ አንቺ እሳት!"

ሽማግሌዎቹ "በይ ያነሳሽበትን አሳዪ" አሉኝ። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ምን ምልክት አለ? ወዲህ ስሄድ እዚህ ይመስለኛል፣ ወዲያ ስሄድ እዚያ። ለእናቴ እንዲያደላ ልዋሽ ቃጣኝ፤ አንዴ ዋሽቼ ያመጣሁትን አይቻለሁና ተውሁት። "አላውቀውም" አልሁ። የእናቴ ፊት ጠቆረ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት "ወሰኑን አፈሩ ያውቀዋል" አሉ። ከመንደሩ ዳር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እውነቱን ልናገር፤ ድስታቸውን እንገዛለን እንጂ ሽማግሌ ፊት ይናገሩ ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም። ያን ቀንም ሳይጠሩ ነው የመጡት።

"ድሮ ርብ በዚህ ነበር የሚሄድ" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "አያትሽ ፈቅደውልን ከእናንተ ማሳ ጭቃ ስንቆፍር እናቴ፣ 'አሸዋ ሲነካሽ ተመለሽ፣ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ነው' ትለኝ ነበር። ድንጋዩ የተተከለ በአሮጌው ወንዝ ዳር ነው።"

የሌላ አገር ወንዝ በጂኦግራፊ ደብተሬ ስሸመድድ የኖርሁ ልጅ፣ ርብ በማሳችን ዳር አልፎ እንደነበር አላውቅም ነበር።

"ቆፍሩ" አሉ ሴትዮዋ። "ከተሳሳትሁ ያን ጊዜ ሳቁብኝ።"

ሰዎቹ ጎረቤታችን ከቆሙበት ጀምረው ወደ እሳቸው ማሳ አቅጣጫ ቆፈሩ። ጭቃ። ራቅ ብለው ደገሙ፤ አሁንም ጭቃ። በሦስተኛው ጉድጓድ አሸዋና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወጣ። ጎረቤታችን አንድ እፍኝ አንስተው በጣቶቻቸው መካከል አፈሰሱትና ከአሸዋው ማዶ ወደ ማሳቸው ተሻገሩ። እናቴ የኔ ነው ካለችው ስፍራ አምስት እርምጃ ያህል አጣች፤ የቀረው ሁሉ ተረፈላት። ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች፣ ቀጥላ የሴትዮዋን ጉልበት።

ድንጋዩን ከቤት አዝዬ የመለስሁት እኔ ነኝ። ማንም አላገዘኝም፤ ደግ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ሲተክሉት በሳሙና የለሰለሰውን ፊቱን ወደ ቤታችን አዞሩት። "እያየሽው እፈሪ" አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ሸክላ ሠሪዋ ገበቴ የመሰለ ሰፊ ሸክላ ተሸክመው መጡ። "እንቺ፤ ሌላ ወሰን ሳትነቅይ በዚህ እጠቢ።" እናቴ ከላይኛው መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው። እዚያ መደብ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

እኔ አሁን ወረታ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። ሸክላው አብሮኝ ነው። "የፕላስቲክ ሳፋ ግዢ እንጂ" ይሉኛል፤ አልገዛም። እናቴ ዘንድሮም ያን ማሳ ሩዝ ዘርታዋለች። ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ ሴትዮዋ ይመጡና ጭቃቸውን ይቆፍራሉ፣ እስከ አሸዋው ድረስ።