በሕልም የተበላ ዶሮ ጾም ያስገድፋል ወይ?

እህቴ ማንአለሽ በሕልሟ ውስጥ መንቃት የተማረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው መነጽር ይገዛል፣ ጉልበቴን አመመኝ ይላል፤ እሷ መብረር ተማረች። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ንፋስ መውጫ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የምንኖረው አንድ ግቢ ስለሆነ የሚመጣባትን ጉድ ሁሉ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። የማወራችሁን ከሰው አፍ አልለቀምኩትም።

ተወልደን ያደግነው ስማዳ ነው። ማኔ ጤና ረዳት ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕፃናት ስትከትብ ኖራለች፤ ከደጋ እስከ ቆላ ያልረገጠችው ቀበሌ የለም። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ልጅ ሁሉ መርፌ የያዘችን ሴት ይሸሻል አይደል? እሷን ግን «ማኔ! ማኔ!» እያሉ ይከተሏታል። እኔን ከረሜላ ብይዝ እንኳ የሚከተለኝ የለም። ባሏን ያገኘችውም በክትባት ነው። የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ሊቀልጥባት ሲል መሀል መንገድ ላይ ቆማ አንድ አይሱዙ አስቆመች። ሹፌሩ ክንዱ ነበር። «በረዶው ሳይሟሟ አድርሰኝ» አለችው፤ አደረሳት። በሳምንቱ ማንም ሳይጠራው መጥቶ «ዛሬስ በረዶ የለሽም?» አላት። እንዲህ ነው የተጋቡት፤ ሃያ ሁለት ዓመትም እየተሳሳቁ ኖሩ።

ክንዱ ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ አልችልም።

ከሞተ በኋላ በሕልሟ ይመጣ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው፤ እሷ ግን በነጋ ቁጥር ፀጉሯን ልትነጭ ትደርሳለች። ለምን መሰላችሁ? በሕልሟ መሞቱ ትዝ አይላትማ! ከመንገድ የገባ ነው የሚመስላት። «መጣ እኮ!» ትለኛለች፤ «አጠገቤ ቁጭ አለ፤ እኔ ሞኟ ግን የሚያፈሰውን ጣሪያ መቼ ነው የምታሠራው እያልኩ ጨቀጨቅሁት!» ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭቃ ጫማህን ሳታወልቅ ገባህ ብላ ተቆጥታ አስወጣችው። የዚያን ቀን ጠዋት ያለቀሰችውን ለቅሶ ለቀብሩም አላለቀሰችው።

«አንዴ ብቻ» አለችኝ። «አንዴ ብቻ፣ መሞቱን እያወቅሁ፣ ሕልም መሆኑን እያወቅሁ ባገኘው። አንዲት ቀን ሳላባክነው።»

መላውን ያመጣው ቻላቸው ነው፣ የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳያት፤ ሰው ተኝቶ ሳለ «ይህ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ ይችላል፣ ልምምድ አለው አላት። ጠዋት ጠዋት ሕልምሽን ደብተር ላይ ትጽፊያለሽ። ቀን ቀን ደግሞ ደጋግመሽ እጅሽን እያየሽ «በሕልሜ ነው በውኔ?» ብለሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ። ቀን የለመድሽውን በሕልምሽም ታደርጊዋለሽ፤ በሕልም እጅ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማኔ በዚህ ላይ የራሷን ጨመረችበት። በፖሊዮ ዘመቻ የተከተበ ሕፃን ትንሿ ጣቱ ቀለም ይቀባ የለ? ጠዋት በተነሳች ቁጥር የራሷን ጣት መቀባት ጀመረች። ቀለሙ ካለ በውኗ ነው፤ ከሌለ ሕልም ነው።

ወይ የኔ መከራ! ገበያ መሀል ድንች እየመረጠች ድንገት ቆም ትልና ጣቷን አይታ «በውኔ ነኝ» ትላለች፣ ጮክ ብላ። ድንች ሻጯ «ተመስገን ነው» አለቻት። ባጃጅ ውስጥ ያው ነው፤ ለቅሶ ቤትም ያው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል ብሎ ሲያነብ ማኔ ከኋላ ጣቷን አየችና «ኧረ በውኔ ነኝ!» አለች፤ ተሰብሳቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤት ደግሞ እኔን ይዞ ይጠይቀኛል፦ «እህትሽ በዚህ ዕድሜዋ ፖሊዮ ተከተበች አሉ፣ እውነት ነው?» ምን ልበላቸው? ከንዴቴ ብዛት የሰው ቀሚስ ያለ ልኩ ቆረጥኩ።

በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ባለችበት «ቀለሙ የለም! ቀለሙ የለም!» ብላ ጮኸች። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ የውኃ ጀሪካን አንጠልጥዬ ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጣ ትንከተከታለች። ለካ በሕልሟ ጣቷን አይታ፣ ቀለሙን አጥታ፣ ሕልም መሆኑን አውቃ በርራለች! ከመናኸሪያው ተነስታ፣ በገበያው አናት ላይ አልፋ፣ እስከ ጉና ጫፍ።

«ነጠላዬ ይርገበገባል፤ ሕዝቡ አንጋጦ ያየኛል። አንቺም ነበርሽ! ‹ውረጂ፣ ታዋርጂናለሽ!› እያልሽ ትጮኺብኛለሽ።»

በሰው ሕልም ውስጥ እንኳ ስቆጣ! እኔም ሳቄ መጣ። ጀሪካኑን እንዳንጠለጠልኩ እንባችን እስኪወርድ ተሳሳቅን።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት? እሑድ ቀን ምሳዋን በልታ እንቅልፍ እስኪመጣ ትቸኩላለች። አንዴ ዝናቡን ከመሬት ወደ ላይ አዘነበችው። አንዴ የገደሉን ዝንጀሮ ሁሉ አሰልፋ ከተበች፤ አንዱ ዝንጀሮ ካርዴ ጠፍቶብኛል ብሎ ተሟግቷት ነበር። ክንዱ ግን ቀረ። ሳታውቀው ሲመላለስ የነበረ ሰው፣ ስታውቅ ጠፋባት።

የመጣው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ የምኩራብ እሑድ ነው። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ጣቷን አየች፤ ቀለም የለም። አወቀች! ክንዱ ሞቷል፣ ይህ ሕልም ነው፣ አሁን ግን ከእኔ ጋር ነው። እሱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተቀመጠ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዶሮ ወጥ ፊቱ ቀርቧል። ደህና አድርጎ ጠቀለለና ወደ አፏ አመጣው። አፏን ከፈተች፤ ይኼኔ ትዝ አላት። ጾም! ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቀን ገድፋ የማታውቅ ሴት ናት። «ጾም ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ክንዱ ጉርሻው በእጁ እንደቀረ ቅር አለው፤ ሕልሙም እዚያው ላይ ጠፋ።

«አንቺ ሴት ምን ነካሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። «ስንት ወር የደከምሽለት ሰው! በሕልሙ የበላ መቼ ገድፎ ያውቃል?»

«ሳያውቅ የበላ ነዋ!» አለች እያለቀሰች። «እኔ እኮ አውቄያለሁ። አውቄ ከበላሁ ከመግደፍ በምን ይለያል?»

«ተነሺ፣ ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብዬ ነጠላዋን አቀበልኳት።

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ይበልጣል ሄድን። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማሩ፣ ነገር የማያበዙ አባት ናቸው። ማኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። አባ ሊያሳልሙን ያነሱትን መስቀል እንዳነሱት ረሱት።

«ሕልም መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አዎ አባ።»

«እምቢ ማለትም ትችያለሽ?»

«እምቢ አልኩ እኮ፣ አባ! እሱ አይደል የሚያንገበግበኝ!»

«ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አሉ አባ፣ «እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም። አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

ያ ሳምንት አይደገም! አባ ቤተ ልሔም ላሉ ባልንጀሮቻቸው ስልክ ደውለው ኖሯል። ስም አልጠሩም፣ «አንዲት ሴት» ነው ያሉት፤ ግን ወሬ መቼ ስም ይፈልጋል? ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፈሉ አሉ። እኩሌቶቹ ሆድ ያልቀመሰውን ማን ይቆጥረዋል አሉ፤ እኩሌቶቹ ልብ ከፈቀደ ተበልቷል አሉ። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ዲያቆን፣ ወገቡን እየለካሁት «የእርስዎስ ሐሳብ ወዴት ነው?» ሲለኝ በሜትሩ ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

በሳምንቱ አባ እየሳቁ ተቀበሉን። እኝህ ሰው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

«አውቆ መብላት መብላት ነው፣ ልጄ። ጾምሽን መጠበቅሽ ደግ አደረግሽ።»

ማኔ አንገቷን ደፋች።

«ግን ልጠይቅሽ። በርሬያለሁ ብለሽኛል?»

«አዎ አባ።»

«ዝናቡንም ወደ ላይ?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ የቻልሽ ሴት፣ ዶሮውን ሽሮ ማድረግ ምን ያቅትሻል?»

በስመ አብ! ማኔ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ወደ ቤት ስንመለስ በደስታ ብዛት ነጠላዋ መሬት እየጠረገ አልታወቃትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ሆነ። ምሳ በቀረበ ቁጥር ወጡ ላይ ዓይኗን ተክላ «ሽሮ፣ ሽሮ፣ ሽሮ» ትላለች። «ሽሮ እኮ ነው!» ስላት «ዝም በይ፣ አታቋርጪኝ» ትለኛለች። ክንዱ የሚላትንና የምትለውንም ደብተሯ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ደብረ ዘይት መጣ፣ አለፈ። ገብር ኄር አለፈ፣ ኒቆዲሞስም አለፈ። ክንዱ የለም። ሳቋ እየቀነሰ ሄደ፤ እኔም መቆጣቱን ተውኩት።

የሆሳዕና ዕለት ዘንባባዋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ጋደም አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ዓይኔ ፊቷ ላይ ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፈገግ አለች። ከዚያ አኘከች። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ አኘከች! ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝ፤ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ነጠላዬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ስትነቃ መጀመሪያ ጣቷን አየች።

«ሽሮ ሆነ?» አልኳት።

«ሆነ። ‹ዶሮዬን የት አደረስሽው?› ብሎ ሳቀ። ‹ጾም ነው› አልኩት። አጎረሰኝ። እኔም አጎረስኩት። እጁ ይሞቃል።»

«የጻፍሽውንስ? ሁሉንም ነገርሽው?»

«አንዱንም። ዝም ብዬ አየሁት። ጆሮውን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግሪስ፤ አንድ ሳይቀረኝ አየሁት። አላባከንኩትም፣ እህቴ።»

እልል ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

«እሱ ግን አያውቅም» አለች።

«ምኑን?»

«መሞቱን። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በልቶ ሲጨርስ ጋደም አለና ‹ነገ ጭነት አለብኝ፣ ማልደሽ ቀስቅሽኝ› አለኝ።»

እጄ ውስጥ ያለው ምስር መሬት ላይ ፈሰሰ። «ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት። ምን ልበለው? እሺ፣ እቀሰቅስሃለሁ፣ አንተ ብቻ ተኛ አልኩት። ጋቢውን አልብሼው ነቃሁ።» እየሳቀች ነው፣ እንባዋም ይወርዳል። «እንግዲህ አውቄ ዋሸሁት። ያውም በጾም። ይኼንንም ለአባ ልንገራቸው ወይ?»

ከግንባሯ የተንሸራተተውን ዘንባባ አቃናሁላት።

«አትንገሪያቸው፣ እታለም» አልኳት። «ይተኛ።»