የኸይሪያ ሁለት ዕድሜ

ኸይሪያ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ ገበያ ጥግ ላይ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነበራት። ሱቁ ታፔላ የለውም፤ ሰው ሁሉ «የማታረጀዋ ሴትዮ ሱቅ» እያለ ስለሚጠራው ታፔላ ማሠራቱን ትርፍ ወጪ አድርጋ ትታዋለች። አርባ ምንጭ ደግሞ ለፊት የምትመች ከተማ አይደለችም። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትከራለች፣ ከአባያ በኩል የሚነሳው ንፋስ አቧራውን አምጥቶ ላብ ላይ ይለጥፈዋል። ፓውደር የተቀባች ሴት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወርዳ ሲቀላ እስክትደርስ ፊቷ ላይ የወንዝ ካርታ ይሳላል። ስለዚህ ኸይሪያን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

ምክሯ ቀላል ነው። ጃንጥላ ያዙ። ኩሉንም ቀለሙንም ሳትታጠቡ አትተኙ። ፊታችሁን በሎሚ አሽታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፣ ያጠቁራችኋል። ዕድሜ ሲገፋ ፓውደር ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም፤ የፊት መስመር ውስጥ እየገባ ያጋልጣል። ቆዳ እናነጣለን የሚሉትን ክሬሞች ደግሞ ጭራሽ ሱቋ አታስገባም፤ መጀመሪያ ፊት ያበራሉ፣ ቀጥለው ይልጡታል። ይህን ሁሉ የምትናገረው በነጻ ነበር። ሰው ደግሞ በነጻ የተነገረውን አያምንም። ሴቶቹ በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አንድ ሊፕስቲክ ገዝተው፣ ያለ ጃንጥላ ፀሐዩ ላይ ይወጣሉ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ አምስት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ቀን ወርቂቱ የምትባል አስተማሪ ወደ ሱቁ ገባች። የተወለደችው ኦቾሎ ነው፤ ሴቻ ትኖራለች፤ ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ከመዘምራኑ ፊት ቆማ ስለምትዘምር ብዙ ዓይን ያርፍባታል።

«ኸይሪያ፣ ለመሆኑ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለቻት።

ኸይሪያ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሠላሳ ስድስት ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «አርባ ስድስት» ነው። ለምን እንዳለችው እሷም አታውቅም። ብቻ በዚያ ሳምንት አንድም ጃንጥላ አልሸጠችም ነበር።

ወርቂቱ ጠጋ ብላ ዓይኗ ሥር አየች፣ አንገቷን አየች፣ የእጇን ጀርባ ሳይቀር አገላብጣ አየች። ከዚያ «ምንድን ነው የምትቀቢው?» አለች። ኸይሪያ እጇ የደረሰበትን አነሳች፤ ግሊሰሪን ያለበት ተራ ክሬም ነበር። «ይሄን» አለች። «ጃንጥላም።» በሚቀጥለው እሑድ መዘምራኑ በሙሉ ጃንጥላ ይዘው ሲሄዱ ታዩ።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረም። ኸይሪያ በየዓመቱ አንድ ዓመት ስትጨምር ውሸቱም እኩል አብሯት ጨመረ። ሠርግ ቤት ከአሮጊቶቹ መሐል ያስቀምጧታል፤ ወዲያ ማዶ እኩዮቿ ሲሳሳቁ እሷ ስለ ጉልበት ቁርጥማት ትሰማለች። እድር ላይ ትልልቁን ድስት ከመሸከም ነጻ ወጣች፤ ይህንንስ አልጠላችውም። አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ጥርሷን የምትቀይር ልጅ ነበረች፤ አሁን ግን «ያኔ አንቺ ትልቅ ሰው ነበርሽ፣ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋታል። «ጊዜው ከባድ ነበር» ትላለች። በዚህ መልስ ያፋጠጣት የለም።

ሙስጠፋ የመጣው በሚሌኒየሙ ዓመት ነው። ጫሞ ዳር ከአጥማጆች ዓሣ ተቀብሎ በፒክአፕ ወደ ከተማ ያመጣል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ዕድሜው አርባ ስምንት ነው፤ የሐይቅ ዳር ፀሐይ ግን ስድሳ አስመስሎታል። የዓሣ ሽታ የሚያስለቅቅ ሳሙና ፈልጎ ገባ፤ ኸይሪያ ሰጠችው። በማግስቱ ሌላ ሳሙና ገዛ፤ በሳልስቱም እንዲሁ። ሰው በዚህ ፍጥነት ሳሙና የሚጨርሰው ቢበላው ብቻ ነው። ኸይሪያም ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ለደንበኞቿ «በቀን ኩል አይበዛም» ስትል የኖረች ሴት፣ እሱ የሚመጣበት ሰዓት ሲቃረብ መስታወት ፊት ቆማ መኳል ጀመረች።

ወዳዋለች፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። የመጀመሪያ ባሏ ከወራቤ አግብቶ አርባ ምንጭ ባመጣት በጥቂት ዓመት ውስጥ ወባ ገደለው። ልጅ ሳታቅፍ ቀረች። ሴቶች ልጅ አዝለው ሱቅ ሲገቡ ክሬሙን ትታ ሕፃኑን ነበር የምታየው። አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጊዜው እያመለጣት መሆኑን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ሙስጠፋ እንደ ወጉ ሽማግሌ ሊልክ ፈልጎ ጅምላ ነጋዴ ወዳጁን ሳላዲንን አማከረ። ሳላዲን ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከመሄዱ በፊት ያጣራል። ማጣራት ማለት ሚስቱን ረይሐናን መጠየቅ ነው። ረይሐና ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ተናገረች፤ «ኸይሪያ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው» አለች።

በማግስቱ ረይሐና ራሷ ሱቅ መጣች። «ሙስጠፋ አስቦሽ ነበር» አለቻት። «ግን ልጅ እፈልጋለሁ ይላል። አይፈረድበትም። አላህ የተሻለ ያምጣልሽ።» ይህን ብላ የአንገት ክሬም ገዝታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሙስጠፋ ገባ። «እንደምን ዋሉ?» አላት። አንቱ አላት። ኸይሪያ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችውም።

«አርባ አንድ ዓመቴ ነው» አለችው።

ሙስጠፋ ሳሙናውን እንደያዘ ቆመ። «ይሁን» አለ በትሕትና።

«እውነቴን ነው። ዐሥሩን ዓመት እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።»

ሙስጠፋ አሰበበት። እናቱም አክስቶቹም ሟች ሚስቱም ዕድሜያቸውን ቀንሰዋል። የጨመረች ሴት ግን ሰምቶ አያውቅም። «ግድ የለም» አላት። «እኔም አንዳንዴ አርባ ነኝ እላለሁ።»

በገበያ ቀን ሱቁ በሴቶች ጢም ብሎ ሳለ፣ ወርቂቱም ባለችበት፣ ኸይሪያ ከባንኮኒው ኋላ ተነሳች። ሱቋ ሊዘጋ እንደሚችል ታውቃለች። «ሃምሳ አንድ አይደለሁም» አለች። «አርባ አንድ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁ። ክሬሙ ተራ ክሬም ነው፤ የጠቀማችሁ ጃንጥላው ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ወርቂቱ ባንኮኒውን ደገፍ አለች። «እኔ አልፈርድባትም» አለች። «ወንድ ሲመጣ ሁላችንም ትንሽ እንቀንሳለን።» ከዚያ ሁሉም ክሬማቸውን ገዝተው ሄዱ። ኸይሪያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ኩሏ አልፈሰሰም፤ የምትሸጠው ጥሩ ኩል ነው።

ወሬው ሙስጠፋ ዘንድ ደረሰ። እንደ ሌላው ሰው እሱም አላመነም። ነገር ግን ይህቺ የተከበረች ሴት ለእሱ ብላ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት መዋሸቷ አንጀቱን በላው። ለሳላዲን «ልጁ ይቅርብኝ፣ ሂድልኝ» አለው። ኒካሁ ታሰረ። የሙስጠፋ ሳሙና መደርደሪያ ሙሉ ሆኖ ቤቷ ገባ፤ አንቱ ማለቱን ግን ቶሎ አልተወም።

ዓመት ሳይሞላ ኸይሪያ አረገዘች።

ከሲቀላና ከሴቻ አልፎ ከጨንቻ ሳይቀር ሴቶች መጡ። «አርባ ሁለት ዓመቴ ነው» ትላቸዋለች። «እሱን ተይው፣ ክሬሙ የትኛው ነው?» ይሏታል። ክሬሙ ከመደርደሪያው አለቀ፤ እንደገና መጣ፤ እንደገና አለቀ። ኸይሪያ እውነቱን መናገር አላቆመችም፤ የሚሰማት ስላልነበረ ንግዱን አልጎዳውም።

ሴት ልጅ ወለደች፤ ሉብና አሏት። ሙስጠፋ የዓሣ ቅርፊት የለመደ እጁን ሦስቴ ታጥቦ ሕፃኗን ተቀበለ። ኸይሪያ አልተኳለችም፣ ምንም አልተቀባችም፤ ድካሙ ፊቷ ላይ ይታያል። ሙስጠፋ ያንን ፊት፣ ከዚያም ሕፃኗን ለረዥም ጊዜ አየ።

«አርባ አንድ ያልሽኝ እውነትሽን ነበር» አላት።

«ነግሬህ ነበር።»

«ሳሙና እየሸጥሽልኝ ነው የነገርሽኝ፤ የገበያ ወሬ መሰለኝ» አለ። ከዚያ አቀርቅሮ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሃምሳ አንድ ነሽ ብዬም መጥቻለሁ፤ እሱን አትርሺ።»

ኸይሪያ አልረሳችውም። ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሙስጠፋ ሳትነግረው ጃንጥላውን ዘረጋና ለእናትና ልጅ ያዘላቸው። እሱ ራሱ ፀሐይ ላይ ነበር የሚሄደው።