የሬንስከ ሞተርና የዮሪት እግር

ይህንን መጀመሪያ የነገረችኝ ዳውትሰን ናት፤ ዓርብ ዓርብ ድልድዩ አጠገብ ዓሣ የምትሸጠዋ። ዳውትሰን ዓሣ ስትመዝን ጣቷን ሚዛኑ ላይ ታሳርፍ ይሆናል እንጂ ወሬ ላይ ቅሸባ አታውቅም። የጎደለውን ደግሞ እኔው ዞሬ ጠይቄ ሞልቼዋለሁ። በዚህ በፍሪስላንድ ቦይ ዳር ከኔ የተሻለ ወሬ የሚያጣራ ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም።

ሬንስከ ብስክሌት ጠጋኝ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ በወረሰችው ጎተራ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ብረትን በጆሮ ነው ያስተማራት። ብስክሌት ሲገፋ ሰምታ ሕመሙን ትነግርሃለች። የሰው ነገር ሲሆን ግን ጆሮዋ እምብዛም ነው፤ ሰው ሲያወራት ዓይኗ ጎማው ላይ ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ዮሪት ብስክሌት እየገፋ መጣ። ዮሪት ዕድሜውን ሙሉ ላም ያለበ ሰው ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ሞልቶታል። ሚስቱ ሂልቸ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው የአረጋውያን ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ። ሁሉን ረስታለች፤ የባሏን ስም እንኳ ረስታለች። ግን እኩለ ቀን ላይ ከሱ እጅ ካልሆነ ማንኪያ አትቀበልም። እንዴት እንደምታውቀው እግዜር ይወቅ።

ሦስት ክረምት በዚያ ነፋስ ላይ ፔዳል ረግጦ ደረሰላት። ነፋሱን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ! እዚህ አገር ስትሄድም ከፊትህ ነው፣ ስትመለስም ከፊትህ ነው። አንዴ ድንች ጭኜ ስሄድ ቆሜ እየረገጥኩ ወደ ኋላ ወስዶኛል፤ አታምኑኝም፣ ተዉት። ዮሪት ግን ልቡ ደክሞ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰባት ሰዓት ሆኖ ደረሰና የሂልቸን ሳህን ሳይነካ ሲመልሱት አየ።

"ሞተር ግጠሚልኝ" አላት።

"ሞተር የሰነፍ ነው ሲሉ አልነበር፣ ጋሽ ዮሪት?"

"ብያለሁ። አሁን ሰነፍኩ። ግጠሚ!"

የራሱን ጥቁር ብስክሌት ዝገት በልቶታል። አሁን እየገፋ ያመጣው፣ ልጁ ትቶት የሄደውን ነው፤ ዲስክ ፍሬን ያለውን። ሬንስከ የኋላውን ጎማ አውጥታ ሞተር ያለበትን አስገባች። ስታሽከረክረው ዲስኩ የፍሬኑን ብረት ሽር... ሽር... እያለ ነካው። ስድስቱን ብሎን ፈታች፣ ከዲስኩ ሥር ስስ ቀለበት አስገባች፣ እንደገና አሰረች፤ አሁንም ሽር አለ። ሌላ ቀለበት። ዝም አለ። የጣቷ ቅባት ዲስኩ ላይ እንዳይቀር በአልኮል ጠረገችው። ቀጥላ ሞተሩ የራሱን አክሰል አዙሮ ሽቦውን እንዳይበጥስ አክሰሉን በብረት ክንድ ከብስክሌቱ አጽም፣ ከቴላዮው ጋር አጣብቃ አሰረችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ የላም መኖ ከረጢት ጭና ከቦዩ ግድብ አናት ቁልቁል ለቀቀችው፤ ፍሬኑን ስትጨብጥ እንደ ችካል ቆመ።

"ጋሽ ዮሪት፣ ይሄኛው በእጅ ነው የሚያዘው። በእግር አይደለም።"

"አንቺ ሳትወለጂ ነው ብስክሌት የነዳሁት! ሞተሩን አሳዪኝ፣ ፍሬን አታስተምሪኝ።"

ተወችው። እዚህ ጥቁሮቹ አሮጌ ብስክሌቶች ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው ነው የሚቆሙት። የዮሪት እግር ሰባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲያቆም ኖሯል።

ሁለት ቀን በሰላም ሄደ። በሦስተኛው፣ ዓርብ ነው፣ የድልድዩ ደወል ጮኸ፤ መርከብ ሊያልፍ፣ ድልድዩ ሊነሳ ነው። የመንገዱ መዝጊያ ወረደ። ያን ቀን ነፋሱ፣ እንዳለመታደል፣ ከኋላ ነበር። ዮሪት እግሩን ወደ ኋላ ረገጠ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ደግሞ ረገጠ። መዝጊያውን በትከሻው መታው፣ አጥንቱ ቀጭ ሲል ዳውትሰን ከዓሣዋ ማዶ ሰማችው። ሮጣ ስታነሳው መጀመሪያ የጠየቃት፣ "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ነው።

"ለስድስት ሃያ ጉዳይ።"

ያኔ ነው ያለቀሰው።

ሬንስከ ብስክሌቱን ወስዳ መረመረችው። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ የፍሬኑ ሸራ ደህና ነው፣ አንድ ብሎን አልላላም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ዳውትሰን "አንቺ ምን አጠፋሽ? ሥራሽ ልክ ነው" አለቻት።

"በከረጢት ነው የሞከርኩት" አለች። "ከረጢት እግር የለውም።"

ማምሻውን ሞተር ያለበትን ጎማ ፈትታ በራሷ የጭነት ብስክሌት ላይ ገጠመችው፤ ከፊቱ ሣጥን ባለው። የዚያ ፍሬን ጠበቅ ያለ ስለሆነ ሦስተኛ ቀለበት ፈለገ። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ዮሪት በር ቆመች።

"ይግቡ።"

"እንደ ጎመን ልትጭኚኝ?"

"ጎመን አይጨቃጨቅም። ይግቡ እንጂ!"

ቀኝ እጁ በጨርቅ ተንጠልጥሏል። የአረጋውያኑ ቤት ደረሱ፤ ሂልቸ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ዮሪት ማንኪያውን በግራ እጁ አነሳ፤ ሾርባው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ሂልቸ ከንፈሯን ገጥማ መስኮቱን አየች። "እኔ ነኝ" አላት። ማንኪያውን እንደያዘ ጠበቀ። ሬንስከ በሩ ላይ ቆቧን በእጇ ጨምቃ ቆማለች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ሰው ላይ አፍጥጣ አታውቅም። ሾርባው ከቀዘቀዘ በኋላ ሂልቸ ግራ እጁን ዳሰሰች፣ አገላብጣ አየችው፣ አፏን ከፈተች።

አርባ ሁለት ቀን አመላለሰችው። ዝናብ ነው፣ በረዶ ነው፣ አላለችም። አጥንቱ ሲገጥም ሞተሩን ወደ ልጁ ብስክሌት መለሰች፤ ግን በቀላሉ አልሰጠችውም። የፔዳሉን ሰንሰለት፣ ካቴናውን፣ አውጥታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከኋላ እየገፋች ታስሮጠዋለች፣ እሱ በእጁ ያቆማል።

"እግርዎን ይርሱት!"

"ሰባ ዓመት ያገለገለኝን?"

"ይርሱት። እንደገና!"

ስድሳ ጊዜ አስቆመችው። በስድሳ አንደኛው ሳታስጠነቅቀው "ይቁሙ!" ብላ ጮኸች፤ እግሩ ሳይነቃነቅ እጁ ጨበጠ። ካቴናውን መለሰች።

ሊሄድ ሲል፣ "የሞተሩን ዋጋ ከፍለዋል" አለችው፤ "የአጥንትዎ ዕዳ ግን እኔ ላይ አለ። ስንት ልክፈል?"

ዮሪት ቆቡን አጠበቀ፤ ነፋሱ ከፊቱ ነበር።

"አርባ ሁለት ምሳ ከፍለሻል" አላት። "ተቀብያለሁ።"