በጣሳ የተሸፈነው አምፖል

ማንም ሳይነካው በራሱ የሚዛባ ዕቃ ገጥሞዎት ያውቃል? ገጥሞዎት ከሆነስ፣ መጀመሪያ የተጠራጠሩት ዕቃውን ነበር ወይስ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ቤታችን ተቀምጬ ፈተና አርም ነበር። ቀኑ ደመናማ ስለነበር መብራት አብርቻለሁ። ከጀርባችን አዲስ ብየዳ ቤት ተከፍቷል፤ እዚያ ብየዳው በተንጣጣ ቁጥር የሳሎናችን አምፖል ደብዘዝ ይልና ይመለሳል። ባለቤቴ አምፖሉ ሊቃጠል ስለሆነ እንድቀይረው ነገረችኝ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አምፖሉን ማየት ጀመርኩ። አጋሮ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍልና አንዲት ተማሪ ትዝ አሉኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አጋሮ ፊዚክስ ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሁሉን ነገር በደብተር ቁጥር እየሰጠሁ የምጽፍ፣ ያልተጠየቅሁትንም የማስረዳ መምህር ነበርኩ። የሳይንስ ክበባችን የአሻንጉሊት መኪና መወዳደሪያ ሠርቶ ነበር። ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ ጠባብ ቦይ ቦረቦርን፤ በቦዩ ግራና ቀኝ የመዳብ ሽቦ ዘረጋን። መኪኖቹ ከተበላሸ ቴፕ በተፈታ ሞተር የሚሄዱ ናቸው፤ ከሆዳቸው የወጣች ምስማር ቦዩ ውስጥ ገብታ መንገድ ታስይዛቸዋለች። ለሽቦዎቹ ኃይል የሚሰጠው የሞተር ብስክሌት ባትሪ ነበር፤ ነጂው ኃይሉን በእጁ እየጨመረና እየቀነሰ ይነዳል።

የምንኮራው ግን በመኪኖቹ ሳይሆን በቆጣሪው ነው። መነሻው መስመር ላይ ከላይ አምፖል ሰቀልን፤ ከሥሩ፣ በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ ውስጥ፣ ብርሃን የሚያውቅ ጥፍር የምታህል ዕቃ ቀበርን። መኪናዋ ስታልፍ ጥላዋ ያርፍበታል፤ ያን ጊዜ ከዕቃው ጋር የተያያዘች ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ “ቀጭ” ትልና ካልኩሌተሩ ላይ አንድ ትደምራለች። ሌላው ሽቦ ጀርባው ወደተከፈተ የእጅ ሰዓት ይሄድና ዙሩ የወሰደውን ሰከንድ ያሳያል። የመስኮቱ ብርሃን እንዳያሳስተው ብዬ አምፖሉን በቲማቲም ጣሳ ሸፈንኩት። ይህችን ጣሳ ያስታውሱልኝ።

ቆጣሪውን የሠራችው ሰሚራ ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ ስትበይድ ትንፋሿን የምትይዝ። ከትምህርት በኋላ እንድትቆይ አባቷ የፈቀዱት እኔ ቤታቸው ሄጄ ኃላፊነት ከወሰድኩ በኋላ ነው። መንዳት እንደምትፈልግ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ለመንዳት ተመስገንን መረጥኩና እሷን ቆጣሪው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ነው ብዬ በሰፊው አስረዳኋት። ተመስገን የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ።

ክረምቱን ሙሉ፣ መስከረምንና ጥቅምትንም፣ ቆጣሪው አንድም ቀን አልተሳሳተም። ኅዳር ሲገባ ከጅማ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ መጥቶ ሊወዳደረን ቀጠሮ ያዘ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ቆጣሪው ማበድ ጀመረ። መኪናዋ ምንም ብትበር አንዱን ዙር ከሰባት ሰከንድ በታች አትጨርስም፤ ሰዓቱ ግን ድንገት ሁለት ሰከንድ ያሳያል፣ ካልኩሌተሩም አንድ ይዘላል። የተመስገን ውጤት ሁሉ ፉርሽ ሆነ።

ሐሙስ ሽቦዎቹን ቀየርኩ፣ መጋጠሚያዎቹን በአልኮል ጠረግሁ፣ የሰዓቱን ባትሪ ለወጥኩ። የመኪናዋ ጅራት ሁለት ጥላ ይጥል ይሆናል ብዬ ጅራቷን ቆረጥኩት። እያንዳንዱን በደብተሬ ጻፍኩ፤ አንዱም አልሠራም። ተማሪዎቹ ሸንኮራ እያላመጡ ሲያዩኝ ጆሮዬ ይግል ነበር።

ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ትምህርት ረዘም ላለ ሰዓት ይቋረጣል። ሰሚራ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔና ተመስገን ምሳችንን ትተን መኪናዋን አስነሳን። ሠላሳ ዙር ሮጠች፤ ካልኩሌተሩ ሠላሳ አለ። አንድም ስህተት የለም። ሁለታችንም ሰሚራ የምትቀመጥበትን ባዶ ወንበር አየን።

ተማሪዎቹ ሲመለሱ ሰሚራም በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛልን መጣች። እንደ ልማዷ ካልኩሌተሩ አጠገብ ተቀመጠች። መኪናዋ አራተኛ ዙሯ ላይ ሳለች ቁጥሩ ዘለለ።

“ጂኒዋ ከምሳ ተመለሰች” አለ ተመስገን።

ከጠረጴዛው ራቅ እንድትል ጠየቅኳት። ተነስታ በሩ ጋ ቆመች። አሥር ዙር ሮጥን፤ ትክክል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? መንዳት ስለተከለከለች እየተበቀለችን ነው ብዬ ደመደምኩ። ተመስገንንና ሌሎቹን አስወጣሁና ነገ ቤቷ እንድትውል ነገርኳት።

“ነካሽው እንዴ?” ብዬ አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ለመነችኝ። “ማሎ ቲቸር፣ ለአባቴ እንዳይነግሩት። ከነገሩት ሁለተኛ እዚህ አያስቀረኝም” አለች። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። “ዋላሂ እጄን ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው። እርስዎ መኪናዋን ያቁሙና ብቻዎን ይጠብቁት። ማንም ሳይነካው።”

ሄደች። ሳምቡሳው እንደተጠቀለለ ቀረ።

የመኪኖቹን ባትሪ ነቀልኩ፣ መኪኖቹን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ቆጣሪውን ግን ከሶኬቱ አልነቀልኩትም፤ ረስቼው ይሁን ቃሏ ውስጤ ቀርቶ ይሁን አላውቅም። ደብተሬን ከፍቼ “የችግሩ ምክንያት” ከሚለው ትይዩ “ሰው” ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከጀርባዬ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ካልኩሌተሩ አንድ ጨምሯል። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ጣሳውን አወለቅኩና አምፖሉን እያየሁ ቆምኩ። ብዙ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ አምፖሉ ለአንድ አፍታ ደበዘዘ፤ “ቀጭ”። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ አንድ ትልቅ ሞተር እያጓራ ተነሳ። ከረቡዕ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ ጆሮዬ ትቶት የነበረው የቡና መፈልፈያ ነው።

ሮጥኩ። የመፈልፈያው ባለቤት አባ ዲጋ በገለባ አቧራ ተሸፍነው በር ላይ ቆመዋል፤ ገበሬዎች በገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ የሞላ ጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል። ሞተሩን መቼ መቼ እንደሚያጠፉት ጠየቅኳቸው። የአንዱ ገበሬ ቡና ሲያልቅ አጥፍተው የሚቀጥለው ጆንያውን ሲያራግፍ እንደሚያስነሱት ነገሩኝ።

“ዛሬ ቀትር ላይስ፣ አባ?”

“ለጁምዓ አጥፍቼው ነበራ” አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “አንተ መምህር አይደለህም? ይሄ ይጠየቃል?”

ሰሚራ ለምሳ ስትሄድ ሞተሩ ለጁምዓ ጠፍቷል፤ ስትመለስ እሱም ተነስቷል፤ በሩ ጋ ስትቆም ያለቀው አሥር ዙር ደግሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የተሮጠ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የአካባቢውን ኃይል ሳብ ያደርጋል፤ አምፖላችን ይደበዝዛል፤ ቆጣሪው መኪና ያለፈች ይመስለዋል። መደብዘዙን ማንም ያላየው እኔ በጣሳ ስለሸፈንኩት ነው። ቆጣሪያችን ሦስት ቀን ሙሉ የገበሬ ተራ ሲቆጥር ነበር።

የሰሚራ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መንገዱ ዳር ሁሉ ቡና ተሰጥቷል፤ አየሩ የሚጣፍጥ የጀንፈል ሽታ አለው። አባቷ ጓሮ ቡና እያገላበጡ፣ እሷ ከጎናቸው ጥሬውን እየለቀመች አገኘኋቸው። ምንም እንዳልነገረቻቸው ከሰላምታቸው ገባኝ። “ደህና ዋሉ” ብዬ መመለስ እችል ነበር። ግን ተመስገን ያላትን ሌሎች ተማሪዎች ሰምተው ነበር፤ ሰኞ ሳይደርስ አባቷ ጆሮ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ያሰብኩትንም፣ ያልኩትንም፣ የተሳሳትኩትንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

አባቷ መገልበጫውን ተደግፈው ቆሙ። “መምህር፣ እኔ ልጄን የሰጠሁት ለእርስዎ ቃል ነው” አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ ነገ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

ሰሚራ የለቀመችውን ቡና ከእጇ አራገፈች። “አምፖሉን ከባትሪ ጋር ያገናኙት፤ ከመስመሩ ይለዩት” አለችኝ። “ነገ ቆጣሪው ላይ ተመስገን ይቀመጥ። እኔ እነዳለሁ።”

ቅዳሜ መፈልፈያው ሲነሳ ሲጠፋ ዋለ። አምፖሉ በባትሪ በራ፤ ጣሳውን አንስቼ በወረቀት ጥላ ለወጥኩት። ተመስገን ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ እንዲያ እንዲያደርግ ማንም አላዘዘውም። ሰሚራ በግማሽ ሰከንድ ተሸነፈች። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ እሷ ሰዓቱን ጎንበስ ብላ አየችና “ልክ ነው” አለች። ያን ቀን ከሽንፈቱ ይልቅ ይህ ቃል ነበር ያሳረፈኝ።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ። “ሰው” የሚለው ቃል ተሰርዟል፤ ከጎኑ በእሷ እጅ “ሞተር” ተብሎ ተጽፏል። ለባለቤቴም ይህን ነግሬ አምፖሉን ሳንቀይረው ቀረን።

እርስዎም ቤትዎ ወይም ሥራ ቦታዎ አንድ ነገር ሲዛባ፣ የሰው ስም ከመጥራትዎ በፊት ሰሚራ ያለችኝን ያድርጉ። ሁሉን ያቁሙ፤ የሸፈኑት ነገር ካለ ይግለጡ፤ እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ብቻዎን ይጠብቁ። እስኪ ዛሬውኑ ይሞክሩት።