የአባ ኮዳ እግር

ዛሬ የፋሲካ ቅርጫ ስንካፈል፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ማረጃው ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሞ ነበር፤ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ የልጅ ያህል። የፈርሱ ሽታ ወደ ልጅነት ሰፈሬ ቀበና ወሰደኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ አባቴ ታሞ ቤት ውሏል። ጎረቤቶቻችን የቅርጫውን በሬ አርደው አንጀቱን ወንዝ ዳር ሲጥሉ አባ ኮዳዎቹ መጡ። አባቴ ትከሻዬን ተደግፎ ሊያሳየኝ ወረደ።

"እግሩን እዪው፣ ቅርፊት ነው። አረማመዱንም እዪ። የዳይኖሰር ዘር ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ ዳይኖሰሮች አልቀዋል አላልክም?"

"ትልልቆቹ አለቁ። እነዚህ ያገኙትን እየበሉ ተረፉ።" ሳል ያዘውና ቆም አለ። "የሚተርፍ ሁሉ ያምራል ያለሽ የለም።"

አንዱ ወፍ አንጀቱን ውጦ ቀና አለና አባቴን ረጅም ጊዜ አየው።

አባቴ ለሚቀጥለው ፋሲካ አልደረሰም። እሱ ሁልጊዜ ለቅርጫው ዕጣ ምልክቱ አድርጎ የሚሰጠውን ቁራጭ ጠመኔ በዚያ ዓመት እኔ ሰጠሁ።

ሰፈሩም ከፈረሰ ቆየ፤ ጎረቤቶቻችን የት እንደደረሱ አላውቅም። ዛሬ ሥጋዬን በፌስታል ይዤ ስወጣ ወፉ ቁልቁል አየኝ። ከቀበና ተርፎ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።