እታለም መድኃኒት ያቆመችበት ዓመት

ሰኞ ሰኞ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ኦክላንድ ወዳለው መንገዳችን ገብቶ ትልቁን የብረት ገንዳ አንሥቶ ሲጥለው «ጓ!» የሚለው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ደረቴ ላይ ያርፋል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይህን ድምፅ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ግን በሰማሁት ቁጥር ብርጭቆ እንደያዝኩ ባለሁበት እደርቃለሁ፣ ወጥ ቤቱም መንገዱም ይጠፋና በካስትሮ ቫሊ ኮረብታ ላይ የነበረው ጋጣ፣ የሣንቃው ስብርባሪ፣ የእማዬ ፊት ይመጡብኛል።

ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባዬ ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ ባለ የፈረስ ማደሪያ ድርቆሽ እያደለና ጋጣ እየጠረገ ይሠራ ነበር፣ ከሰዓት ደግሞ ኦክላንድ ወርዶ መኪና ማቆሚያ ይጠብቅ ነበር። ከሚንከባከባቸው ፈረሶች መካከል የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ንብረት የሆነች ዳማ ባዝራ ነበረች፤ አሮጊቷ ጉልበታቸው ደክሞ ሌላ ስቴት ወዳለችው ልጃቸው ሲሄዱ «ከአንተ በቀር የምትወደው ሰው የለም» ብለው ባዝራዋን ለአባዬ ሰጡት፣ የማደሪያው ኃላፊ ሱዛንም እዚያው ጋጣዋ ውስጥ እንድትቆይ ፈቀደችለት። የእንግሊዝኛ ስሟ ዴዚ ነበር፤ አባዬ ግን እታለም አላት። ጓደኞቹ፣ የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበረው፣ «አባ እታለም፣ ወይዘሮዋ ደኅና አደሩ?» እያሉ ሲያሾፉበት፣ ቆቡን አንሥቶ «እግዜር ይመስገን፣ እናንተንም ጠይቀዋል» ይላቸው ነበር።

እታለም ከብዙ ዓመት ጀምሮ መድኃኒት ትወስድ ነበር። ባዝራ ወንድ በምትፈልግበት ወራት ስለምትነጫነጭ፣ አሮጊቷ በሰላም እንዲጋልቧት ይህን ስሜት የሚያስተኛ ሆርሞን በየቀኑ ይሰጧት ነበር፤ ቢጫ ዘይት ነው። አባዬም እንዳስተማሩት፣ ዘይቱን በሲሪንጅ ቀድቶ እማዬ ከጋገረችው ድፎ ዳቦ ቁራሽ ላይ ያንጠባጥበዋል፣ ወደ ጋጣው ከመድረሱ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ «መጣሁ፣ እኔ ነኝ» ይላል፣ እታለምም አንገቷን አውጥታ ቁራሹን በከንፈሯ ጫፍ ከመዳፉ ታነሣለች። እኔ በአንገቷ ሥር እሽሎከለክ ነበር፣ ጭራዋን እሠራላት ነበር፣ ሆዷን ተደግፌ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። በዓለም ላይ ከእሷ የሚበልጥ የዋህ ፍጥረት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዝናቡ አቁሞ ኮረብታው በቢጫ አበባ በተሸፈነበት የጸደይ ሰሞን እማዬ ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ስለጨነገፈባት ቤታችን ውስጥ ሁላችንም በእግር ጣታችን የምንሄድ እስኪመስል ተጠንቅቀን ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ፈረሶቹን ልትከትብ መጥታ እማዬ ዳቦውን ይዛ ከመኪና ስትወርድ ብታያት ፈገግታዋ ጠፋና አባዬን ጠርታ፣ ይህ ዘይት በቆዳ እንደሚገባ፣ እርጉዝ ሴት ጠርሙሱንም ቢሆን መንካት እንደሌለባት፣ እሱም ያለ ጓንት መንካት እንዳልነበረበት ነገረችው። አባዬ እጆቹን አየ። ከዚያ የሥራ ጃኬቱን አየ፤ ክንዱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ነበረበት፣ እማዬ በየሳምንቱ በእጇ የምታሸው ጃኬት ነው።

«በገዛ እጄ ነው ቤት ሳስገባው የኖርኩት?» አለ፣ በአማርኛ፤ ሐኪሟ ግን የገባት ትመስል ነበር።

ጃኬቱን እዚያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተውና መድኃኒቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመ። ሐኪሟ የእማዬን ሐኪም ወዲያው እንድናማክር ነግራን፣ ስለ እታለም ደግሞ «ጸባይዋ ይለወጥ ይሆናል፣ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ይብስባታል፤ ሕመም እንዳይሆን እኔ እየመጣሁ አያታለሁ፣ እናንተ ግን ታገሷት» ብላ ሄደች። ጆሯችን ያን ቀን ስለ እማዬ እንጂ ስለ ባዝራ አልሰማም። የእማዬ ሐኪም ጽንሱ ደኅና ነው ሲሉን ጊዜ ሌላው ሁሉ ያለቀ መሰለን።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ በአንገቷ ሥር ልገባ ስል፣ እታለም ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኻ፣ የጃኬቴን ትከሻ በጥርሷ ያዘችና ወረወረችኝ። አልተጎዳሁም። ግን ወድቄ ቀና ስል ያየኋቸው ዓይኖች ነጫቸው ወጥቶ የሌላ ሰው ዓይን ነበሩ፤ የሌላ ሰው ማለቴ እንዲያው ነው፣ ሌላ ቃል አጥቼ።

«ይቺ እታለም አይደለችም!» ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ አቧራዬን እያራገፈ «እታለም ናት» አለኝ። «እስከ ዛሬ ያላየናት እታለም ናት።»

በጋው ገብቶ ኮረብታው እንደ አንበሳ ቆዳ ሲቀላ ነገሩ ባሰ። አንድ ሰሞን ደኅና ትሆናለች፣ ከዚያ ወንድ የምትፈልግበት ቀን ይመጣና ሣንቃውን ስትደበድብ፣ ጎረቤቷን የተኮላሸ ፈረስ ስትጠራ፣ ሲጠጋት ደግሞ መልሳ ስትራገጠው ትውላለች። ሱዛን «ሰው ከነካች እዚህ አትቆይም» አለች፤ እዚህ ካልቆየች መሄጃዋ ጨረታ ነበር፣ በዚያ ዕድሜዋና በዚያ ጸባይዋ ከጨረታ የሚገዛት ለእርድ የሚፈልጋት ብቻ እንደሆነ አባዬ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ አልገረፋትም እንጂ ሌላ ያላደረገው ነገር የለም። ከፈረሱ አራቃት፣ ዳር ያለውን ጋጣ ሰጣት፣ በሚብስባት ቀናት ጎኗን አይቦርሽም፣ አይጋልባትም፣ አጭር መንገድ በእግር ብቻ ያዞራት ነበር። አንድ ነገር ግን አልለወጠም። በየማለዳው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር፣ ጉሮሮውን ይጠርግና «መጣሁ፣ እኔ ነኝ» ብሎ፣ መድኃኒት የሌለበትን የድፎ ዳቦ ቁራሽ ይዘረጋላት ነበር። አንዳንድ ቀን ከእጁ ላይ መትታ ትጥለዋለች። በማግስቱ ሌላ ቁራሽ ይዞ ይመጣል።

በዚያ በጋ አንድ እሑድ የእማዬ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ከእማዬ ጋር ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ጋጣው መጡ። ዲቪ ደርሷቸው ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፣ ሳን ፓብሎ እየኖሩ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። እታለምን ገና ሲያዩ ምርመራቸውን ጨረሱ።

«ዓይን ነው!» አሉ። «ያ ረጅሙ ጓደኛህ ለፋሲካ መጥቶ “ወይ ዳሌ!” እያለ ሲያፈጥባት እኔ እዚሁ ቆሜ ነበር። ቱ ቱ እንኳ አላለም።»

«እትዬ ብርቄ፣ ዓይን አይደለም፣ መድኃኒቷን አቁማ ነው» አላቸው አባዬ እየሳቀ።

«ታዲያ ለምን ታቆማለች? እኔ የግፊቴን ኪኒን ባቆም ዝም ትለኛለህ?»

አባዬ ድርቆሽ ሊያመጣ ሄደ። እትዬ ብርቄ ከቦርሳቸው የጸበል ጠርሙስ አወጡ። እኔ ማየቴን አስታውሳለሁ፣ ለመናገር ግን አልደረስኩም፤ ነጠላቸው በነፋስ እየተርገበገበ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ክፍት በነበረው የጋጣ በር ከኋላዋ ገብተው ቀዝቃዛውን ውሃ በጀርባዋ ላይ ረጩት። እማዬ «እትዬ!» ብላ ሮጣ ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። ከዚያ «ጓ!» አለ።

የእታለም ሰኮና ያረፈው እማዬ ሆድ አጠገብ ባለው ሣንቃ ላይ ነበር። ሣንቃው ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ቁራጭ የእማዬን ቀሚስ ይዞ ወደቀ። እማዬ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት እንኳ አልነበረም፣ ምንም አልነበረም። እትዬ ብርቄ ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብለው ባዶውን ጠርሙስ ታቅፈው «በስመ አብ፣ በስመ አብ» ይላሉ። እታለም ጥግ ይዛ መላ አካሏ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሱዛን ድምፁን ሰምታ መጣች፣ ሣንቃውንም የእማዬን ሆድም አየች፣ ድርቆሽ ተሸክሞ የተመለሰውን አባዬንም አየችው። እሱም «ነገ እወስዳታለሁ» አላት።

መኪና ውስጥ ገብተን የኮረብታውን ጠመዝማዛ ስንወርድ እኔ የኋላ ወንበር ላይ አፌን በእጅጌዬ ይዤ አለቅስ ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት።

«የትም አትወስዳትም።»

«ሴትዮ፣ ዛሬ ልትገድልሽ ነበር!»

«ማን ጠይቋት አቆመች?» አለች እማዬ። «ሲሰጧት አልጠየቋት፣ ስንከለክላት አልጠየቅናት። ለእኔ ተብሎ ነው የተከለከለችው፤ ለእኔና ለዚህ» ብላ ሆዷን ነካች። «እኔም እኮ ሰሞኑን ሰው ሲጠጋኝ መራገጥ ያምረኛል። እኔን ግን ጨረታ የሚወስደኝ የለም።»

አባዬ ሊስቅ ሞክሮ አልቻለም፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። በማግስቱ ሱዛንን ለመነ፣ እሷም በሩን ቆልፎ ሰው የማያስጠጋ ከሆነ እስከ መከር ልትጠብቅ ተስማማች።

በመከር የእሳት ጭስ ሰማዩን ብርቱካን አደረገው፣ ከዚያ ጠራ፣ ቀኑም እያጠረ ሄደ። ሐኪሟ እንዳለችው እታለም ትንሽ በትንሽ ረገበች። አንድ ጠዋት ሱዛን እራሷ መጥታ መዳፏን ጎኗ ላይ አሳረፈች፤ እታለም አንድ ጆሮዋን ብቻ ዞር አድርጋ ድርቆሿን ማኘኳን ቀጠለች። ሱዛን ወደ አባዬ ዞራ «ሣንቃውን አሳድሰው» ብላ ሄደች። አባዬ ፊቱን እታለም አንገት ላይ ደፋ። ዝናቡ ተመልሶ ኮረብታው ሲያረንጓድ ወንድሜ ተወለደ። በሚቀጥለው ጸደይ እታለም እንደገና ጆሮዋን ለጠፈች፤ ግን ያን ጊዜ እናውቃት ነበር።

እኔ ዝምተኛ ሴት ነኝ ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። ባለቤቴ ከተቀበረ በኋላ ቤቴ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አንዲት ደግ ሴት በሩ ሥር የነበሩትን ጫማዎቹን አንሥታ ፌስታል ውስጥ ልትከት ስትል ጮኽኩባት። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፤ በእጄ የነበረው ሰሃን ግድግዳው ላይ ተሰብሯል። ከጓዳ አንድ ሰው «ጸበል ብትሄድ» ሲል ሰማሁ። ልጄ «ማም?» ብላ አየችኝ፣ አስተያየቷን ወዲያው አወቅሁት፤ ወድቄ ቀና ስል እታለምን ያየሁበት ነበር። የኖርኩበት ዝምታ የራሴ ጸባይ ይሁን የእሱ አጠገቤ መኖር እስካሁን አላወቅሁም። እታለም ቀኑ ሲያጥር ይቀልላት ነበር። የእኔ መከር መቼ እንደሆነ የነገረኝ ሐኪም የለም።

ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ይመጣል። የቤቴ ቁልፍ አለው፣ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አባዬ ካረፈ ቆይቷል፣ ያን በጋ ደግሞ ወንድሜ በእማዬ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ከየት እንደወሰደው ጠይቄው አላውቅም።

«መጣሁ፣ እኔ ነኝ» ይላል።

ገብቶ የባለቤቴን ጫማዎች ሳያንቀሳቅስ የራሱን ከአጠገባቸው ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ እንዴት ነሽ አይለኝም። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ያመጣውን ዳቦ ሳልነካው መልሶ ይዞት ይሄድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቆርሶ ሲዘረጋልኝ ከእጁ ወሰድኩ።